ባቡሩ ሰው የሚቆጥር መስሎኝ

ልጆቹ ናቸው ያስጀመሩኝ። ሐሙስ ዕለት ከአስር ሶላት በኋላ አልጋዬ ላይ ግራና ቀኝ ተቀመጡብኝና «ሐቦባ፣ የመሐጣውን ነገር ከመጀመሪያው ንገሪን፤ ዛሬ ደከመኝ ብትይ አንሰማሽም» አሉኝ። ሐቦባ የሚሉኝ ሱዳን ተወልደው ያደጉ ስለሆኑ ነው፤ አያት ማለታቸው ነው። መሐጣ ደግሞ የባቡር ጣቢያው ነው። ከገዳሪፍ ወደ ከሰላ ሲኬድ ያለችውን ይቺን ትንሽ ከተማችንን ከተማ ያደረጋት እሱ ነው፤ እሱ ባይኖር እዚህ እሾህና ጥቁር አፈር ብቻ ነበር። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ እናገራለሁ፣ የልጄ ልጅ ሐያት ትጽፋለች፤ ቆይ ስትለኝ እቆያለሁ፣ ቀጥዪ ስትለኝ እቀጥላለሁ። መንገድ ላይ ወዲያ ወዲህ ብል ደግሞ ታገሱኝ፣ ያኔም ቢሆን ቀጥ ብዬ ሄጄ አላውቅም።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ሽታ ነው። ጣቢያው ከተዘጋ ስንት ዓመት እንደሆነው እንጃ፣ እኔ የማውቀው ፍየል ሲያድርበት፣ ጣሪያው ላይ አሞራ ሲሰፍርበት ነው። ካርቱም ከነደደች ወዲህ ወደኛ የሸሸው ሰው በዛ፣ ትምህርት ቤቶቹ የሰው መኖሪያ ሆኑ፣ ትምህርት ቀረ፤ ወጣቶቹም እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ሰለቻቸው መሰለኝ፣ ተነስተው ጣቢያውን ጠረጉት። ኖራ ቀቡት። ቤት ለቤት እየዞሩም የባቡሩን ዘመን ዕቃ ለመኑ። ሐያት ከእነሱ አንዷ ናት። «ሙዚየም አደረግነው» ስትለኝ ሳቅሁባት። ሙዚየም የንጉሥ ካባና ዘውድ የሚቀመጥበት ነው ብዬ አስብ ነበር። እኛ መንደር የማን ዘውድ አለ?

ይዛኝ ሄደች። በትኬት መሸጫው ክፍል ገባን። ያቺ የብረት ፍርግርግ ያላት ትንሽ መስኮት አለች፤ ሰው ክርኑን እያሳረፈባት የመስኮቷ ደፍ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ተሰርጉዶ ቀርቷል። በጣቴ ዳበስኩት። ስንት ሰው፣ ስንት ክንድ። ደወሉ አለ፣ ቀይና አረንጓዴ መስተዋት ያለው ፋኖስ አለ፣ ናዚር የሚሉት የጣቢያው ኃላፊ ቆብ አለ፣ ትልቁ ሚዛን አለ፣ ወገቧ ቀጠን ያለች የሻይ ብርጭቆ እንኳ ሳትቀር መስተዋት ውስጥ ተቀምጣለች። ሁሉም ነገር ዝም ብሎ ያየኛል። መስጊድ እንደገባ ሰው ነጠላ ጫማዬን ላወልቅ ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞር ስል፣ አንድ አሮጌ የቃጫ ጆንያ ተሰቅሏል። አፍንጫዬ ከዓይኔ ቀደመ። ሰሊጥ፣ አቧራ፣ ትንሽ ጥቁር ዘይት፣ ትንሽ ደግሞ የሰው ላብ ይሸታል። የሚዛኑ ድንጋይ የተቀመጠበት ሣጥን ላይ ቁጭ አልኩ። ከጎኔ የጆንያ መርፌ ነበረች፣ እንደ ጣት የረዘመች፣ ጫፏ ጎበጥ ያለች። እጄን ስሰድ ሐያት «ሐቦባ፣ ዕቃ አይነካም» አለችኝ። «ያበራት የኔ መዳፍ ነው፤ አሁን አትንኪያት ትይኛለሽ» አልኳት። አብረዋት ያሉት ልጆች ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም፣ አየችኝ። ዛሬ አልጋዬን የከበቡኝ ከዚያ የተነሳ ነው።

እንግዲህ አባታችን ጎንደር አዲስ ዓለም ሸማኔ ነበር። እኛ ሁለት ሴቶች ነን፤ እኔ ከድጃ፣ ከኔ በሁለት ዓመት የምታንሰው ዘሃራ። ጋቢ ከሽመናው ጉድጓድ ሲወጣ ጫፉ ላይ የሚንጠለጠለውን ክር መቋጨት የእኛ ሥራ ነው። ሰው ሁሉ ይቋጫል፤ የአባታችን ቤት ቁጨት ግን የራሱ ነው። ሦስት ክር ይዘን ወደ ቀኝ እናከራለን፣ ሌላ ሦስት እንዲሁ፣ ሁለቱን ወደ ግራ እንጠመዝዝና ጫፉ ላይ ሁለት ቋጠሮ እናስራለን፤ በሁለቱ ቋጠሮ መካከል የሩዝ ፍሬ የምታህል ክፍተት እንተዋለን። አባታችን ገበያ ሙሉ ጋቢ መሀል የራሱን በዳበሳ ይለይ ነበር። ገበያ ሲወስደን ደግሞ አንድ ሕግ ነበረው፤ ከጠፋችሁ ከጠፋችሁበት እንዳትንቀሳቀሱ፣ እዚያው ቁሙ፣ የሚፈልጋችሁ ይመጣል ይለናል። ይህን ሕግ ያዙልኝ ልጆች፣ ሁለታችንንም ያስጨነቀን እሱ ነው።

አባታችን ሞተ፣ አገሩም ከፋ። ማን ከማን ጋር እንደተጣላ ዛሬ ብትጠይቁኝ አስተካክዬ አልነግራችሁም፤ የማስታውሰው በርበሬ መወደዱንና ወጣቶች በጊዜ ቤት መግባታቸውን ነው። ከሰላ ሱቅ ያለው አጎት ነበረን፤ እሱ ዘንድ ሂዱ ተባልን። ከነጋዴዎች ጋር በመተማ በኩል ወረድን። የቅፍለቱ አለቃ ረጅም ሽማግሌ ነበሩ። በየማለዳው በከዘራቸው ጫፍ እየጠቆሙ ሰው ይቆጥራሉ። አንድ ሰው ከጎደለ አህያ አይጫንም፣ እሳት አይጠፋም፣ ማንም ንቅንቅ አይልም። አንዴ አንዲት ሴትዮ ወንዝ ወርዳ ብትቆይ ሃምሳ አህያ ቆሞ ጠበቃት። እኔ መንገድ ማለት ይሄ ነው ብዬ አመንኩ። ሰው ተሳፍሮ ሲጓዝ የሚቆጥረው አለ።

ገዳሪፍ ስንደርስ ባቡር አየሁ። ምን ብዬ ልንገራችሁ? እናንተ አሁን በስልካችሁ አገር ምድሩን ታያላችሁ። እኔ ግን ቤቶች ተያይዘው ሲሄዱ ነው ያየሁት። ፊቱ ጥቁር ነው፣ ትንፋሹ ነጭ ነው፣ ሲጮህ ከሆዴ ውስጥ የጮኸ መሰለኝ። ዘሃራ ክንዴን ይዛ «እታለም፣ ይሄ ከየት ነው የሚበላው?» አለችኝ። ታላቅ ስለሆንኩ እታለም ነው የምትለኝ። እንደማውቅ ሰው «ድንጋይ ይበላል» አልኳት። ከሰል ሲጨምሩለት አይቼ ነው። በልቤ ግን ቢስሚላህ ብዬ ነው የወጣሁበት። አራተኛ ማዕረግ ነበርን፤ የእንጨት ወንበር፣ ሰው በሰው ላይ፣ ዶሮ፣ ፍየል፣ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ሽማግሎች፣ በሰንደልና በሽቶ የታጠኑ፣ ቶብ የሚሉትን ረጅም ጨርቅ የተጠቀለሉ ሴቶች። ዘሃራ ከመተማ ቆላ ይዟት የመጣው ወባ እዚያ ላይ ተነሳባት። ጭኔ ላይ ተኛች፣ እንደ ምድጃ ነደደች፣ ውሃ ውሃ አለች። ከዚያ ባቡሩ አንዲት ትንሽ ጣቢያ ላይ ቆመ። በመስኮት ሳይ ትልቅ የብረት ታንከር፣ ከሥሩ ቧንቧ፣ ውሃው ዝም ብሎ ይፈስሳል። ራሷን ጓዛችን ላይ አስደግፌ ጣሳ ይዤ ወረድኩ።

ጣሳውን ሞላሁ። ሻሼን አራስኩ፣ ለግንባሯ ብዬ። ሲደወል ሰማሁ። ባቡሩ ዝግ ብሎ መንቀሳቀስ ጀመረ። እኔ አልሮጥኩም። ልጆች፣ አልሮጥኩም። ጠጋ ሊል ነው፣ ሊዞር ነው፣ ገና መች ተቆጠርን ብዬ ቆምኩ። የመጨረሻው ፉርጎ በፊቴ አልፎ ሐዲዱ ባዶውን ሲያበራ እንኳ ጣሳዬን ይዤ ቆሜ ነበር፤ የባቡሩም አለቃ ሲቆጥሩ አንድ እንደጎደለ አይተው ይመልሱታል ብዬ። ሰው ሁሉ ተበተነ። ኒም ዛፏ ሥር ለውዝ የምትሸጥ ጠይም ረጅም ሴት ብቻ ቀረች። በዓረቢኛ የሆነ ነገር ጠየቀችኝ፤ አልገባኝም። ባቡሩ የሄደበትን አሳየኋት። እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ለውዟን ሰብስባ እጄን ያዘች። አሚና ትባላለች። አያቶቿ ከሩቅ ምዕራብ ለሐጅ በእግራቸው ተነስተው እዚህ የቀሩ ናቸው፤ መንገድ ላይ መቅረት ምን እንደሆነ ቤተሰቧ ያውቃል።

የጣቢያው ናዚር ጥሩ ሰው ነበሩ፣ አላህ ይማራቸው። ልብሳቸው ካኪ፣ ቁልፋቸው ነሐስ፣ በስታርች የደረቀ ሱሪያቸው ሲራመዱ ድምፅ ያወጣል። ያን ቴሌግራፍ የሚሉትን የሚንጫጫ ብረታቸውን እየነኩ ከሰላ ጠየቁልኝ። ብረቱ መለሰ። እኔ ብረት ሲመልስ ሰምቼ አላውቅም፣ ቆሜ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የታመመች ልጅ ከባቡሩ ወርዳ ሐኪም ቤት ገብታለች አለ። በሚቀጥለው ባቡር ናዚሩ ራሳቸው አሳፍረው ላኩኝ። ከሰላ ስደርስ የአጎቴ ሱቅ ተዘግቷል፤ ወደ ጂዳ ከተሻገረ ቆይቷል አሉኝ። ሐኪም ቤቱ ደግሞ ልጅቷ ዳነች፣ ያዘነላት ቤተሰብ ወደ ባሕሩ ይዟት ሄደ አለ። የቱ ቤተሰብ? አይታወቅም። ባሕሩ ማለት ፖርት ሱዳን ነው፤ እዚያ ሰው እንደ ሰሊጥ ነው። ምን ላድርግ? የአባቴን ሕግ አሰብኩ። ወደጠፋሁበት ተመለስኩ። ዘሃራ ከፈለገችኝ የምትፈልገኝ እዚያ ነው። ያላሰብኩት ነገር እሷ ያኔ በትኩሳት ተኝታ ነበር፤ የትኛው ጣቢያ ላይ እንደወረድኩ አታውቅም። እሷም የአባቷ ልጅ ናት፤ ሕጉን ይዛ እዚያ ባለችበት ቆማለች። ሁለት ጠፊዎች፣ ሁለት ቆሚዎች። ፈላጊ የለም።

አሚና ቤቷ አስጠጋችኝ፣ ጆንያ መስፋትም አስተማረችኝ። አሁን ይህን ሥራ የሚያውቅ የለምና ልንገራችሁ። ሰሊጥ ሲደርስ የጣቢያው ሜዳ ነጭና ቡናማ ተራራ ይሆናል። ወንዶቹ ይሰፍራሉ፣ እኛ አፉን እንሰፋለን፣ ተሸካሚዎቹ «ሄላ ሆብ» እያሉ ፉርጎ ላይ ይወረውሩታል። ጆንያው አፉ ላይ በሁለት ማዕዘኑ ጆሮ ይወጣለታል፤ እፍኝ ሰሊጥ ማዕዘኑ ውስጥ ጠቅጥቀሽ በሲባጎ ታንቂዋለሽ፣ ተሸካሚው የሚይዘው እሱን ነው። ጆሮ የሌለው ጆንያ ከእጅ ያመልጣል። ሥራው ከባድ ነው፣ ጣት ይቆርጣል፣ ግን ወላሂ እወደው ነበር። አንድ ብርጭቆ ሻይ በአንድ ቁርሽ፣ ስኳሩ ከታች ጣት ውፍረት ተቀምጦ። የአሚና ለውዝ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ግማሽ ቁርሽ። ከቀትር በኋላ ናዚሩ ራዲዮናቸውን መስኮት ላይ ያስቀምጡታል፤ ከኦምዱርማን የሚመጣው ዘፈን ሲጀምር መርፌ ሁሉ በዜማው ይወጣል ይገባል። የአስተማሪዎቹ ቶብ ነጭ፣ የሙሽሮቹ እንደ ጀምበር መግቢያ ቀይ። ቀን ቀን ሳይ፣ ዓለም ሁሉ በዚያች ሐዲድ ላይ የሚያልፍ ይመስለኝ ነበር። አሁን ያቺ ሜዳ ላይ ሪክሻ የሚሉት ባጃጅ ይጠገናል።

አንድ ቀን ጆሮውን አስሬ የተረፈውን ሲባጎ ልቆርጥ ስል እጄ አልቆርጥ አለ። ሦስት ክር ይዞ ወደ ቀኝ አከረረ። ሌላ ሦስት። ወደ ግራ ጠመዘዘ። ሁለት ቋጠሮ፣ በመካከሉ የሩዝ ፍሬ የምታህል ክፍተት። አየሁት። ጆንያው ወደ ባሕሩ ነው የሚሄደው። ዘሃራም ባሕሩ ዘንድ ናት። ጽሕፈት አናውቅም፣ አድራሻ የለንም፣ ይህን ግን እሷ በጨለማ በጣቷ ታነበዋለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምሰፋው ጆንያ ሁሉ ጆሮው ላይ ሁለት ቁጨት ይንጠለጠልበታል። በእያንዳንዱ ላይ ስሟን እጠራለሁ፣ በሹክሹክታ። ናዚሩ ሲያልፉ «ጆንያው ጺም አወጣ እንዴ?» አሉ፤ ተሸካሚዎቹ ከዚያ ወዲህ እኔን የጺም እናት አሉኝ። ይበሉኝ። የሰሊጡ ነጋዴ ወኪል ሲባጎ ታባክኛለሽ ሲለኝ እንኳ ከራሴ ቀሚስ ጠርዝ ክር እየፈታሁ እጨምር ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ከፖርት ሱዳን የመጣ አንድ ነጋዴ፣ አንዲት የሐበሻ ልጅ እዚያ ሞታ ተቀብራለች ብሎ አወራ። ስሟን አያውቅም። ሴቶቹ አዘኑልኝና ምንጣፍ አነጠፉ፣ ለቅሶ ተቀመጪ፣ ይውጣልሽ አሉኝ። እኔ ምንጣፉ ዳር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከተቀመጥኩ ገደልኳት። ተነስቼ ወደ ጆንያዬ ሄድኩ። ሴቶቹ ልጅቷ ልትታመም ነው ተባባሉ። አሚና ግን ምንጣፉን ራሷ ጠቀለለችው።

ከዚያ ነው ጥሉ የመጣው። አንድ ጠዋት ከጎኔ የተደረደሩትን የአሚና ጆንያዎች ሳይ ጆሯቸው ላይ ቁጨት ተንጠልጥሏል። የኔን የመሰለ፣ ትንሽ ወፈር ያለ። በማግስቱ ሌሎች ሁለት ሴቶች አደረጉት። በሳምንቱ የጣቢያው ጆንያ በሙሉ ጺም አወጣ። እናንተ ገበያ መሀል የጠፋ ሰው በስሙ ትጣራላችሁ እንበል፤ ከዚያ ገበያተኛው ሁሉ ያንኑ ስም እየጮኸ ይስቃል። የናንተን ድምፅ ማን ይለየዋል? ዘሃራ ይህን በየጆንያው ላይ ስታይ የሱዳን ሴቶች ጌጥ ነው ብላ ታልፈዋለች። ሄጄ የአሚናን ቁጨት በጥርሴ በጠስኩት። ከሱቅ የለቀምኳት አንዲት የዓረቢኛ ስድብ ነበረችኝ። «ሐራሚያ» አልኳት። ሌባ ማለት ነው። በሴቶቹ ሁሉ ፊት።

አሚና መርፌዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«የአባትሽ ባቡር ነው?» አለችኝ።

«የእህቴ ነው» አልኳት። «እህቴ እንድታየው ነው።»

መርፌዋን መልሳ አነሳች። ከዚያ «አንቺ ብቻሽን በቀን ስንት ጆንያ ትሰፊያለሽ?» አለች።

ሴቶቹ ሳቁ፤ ከሁሉ ዝግ ያልኩ ሰፊ እኔ ነበርኩና። በዚያው ቀን ጨርቄን ከቤቷ አውጥቼ ከሚዛኑ ወዲያ ማዶ በሣር ራኩባ ቀለስኩ። ራኩባ ዳስ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት የሰሊጥ ወቅት አለፈ፣ አልተነጋገርንም። በልጇ እጅ ፉል ትልክልኛለች፣ እመልሳለሁ። ባሏ የሐዲድ ሠራተኛ ስለነበር ባቡር በነጻ ትሳፈራለች፤ ለውዟን ቋጥራ ወደ ታችኞቹ ጣቢያዎች ስትወርድ አያታለሁ፣ ፊቴን አዞራለሁ። እኔም ቁጨቴን አልተውኩም፤ ማንም ባይለየው አላህ ይለየዋል ብዬ።

በሦስተኛው ሰሊጥ፣ ገና ቀትር ሳይሆን፣ ዕቃና ሰው የቀላቀለ ባቡር ገባ። እኔ ቀና አላልኩም፤ አስቸኳይ ጭነት ነበር። አንዲት ሴት መጥታ ፊቴ ቆመችና ብርሃኔን ከለለችኝ። በዓረቢኛ ጥላሽን አንሺልኝ አልኳት። አልሄደችም። ቁጭ አለች። የጀመርኩትን ቁጨት ከእጄ ወሰደችና ጨረሰችው። ሁለት ቋጠሮ፣ በመካከሉ የሩዝ ፍሬ የምታህል። እጇን አየሁ፤ ፊቷን ለማየት ፈራሁ።

«እታለም» አለችኝ። «ዛሬም ጫፉን ታላሊዋለሽ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም። ሌሎቹ ናቸው የነገሩኝ፤ ሥራ ቆመ፣ ተሸካሚዎቹ ጆንያ አወረዱ፣ ናዚሩ ደወሉን ያለ ሰዓቱ ደወሉት አሉ። እኔ የማስታውሰው የሰሊጡ ተራራ ሲያበራ ነው። ያን ቀን ያበራ እንደነበር፣ እንዲህም አብርቶ እንደማያውቅ።

ዘሃራ ወሬ የምታበዛ ልጅ አልነበረችም። ስለነዚያ ዓመታት ስጠይቃት መልሷ አጭር ነው፤ ባሕሩ ዘንድ መጋዘን ውስጥ የተቀደደ ጆንያ ስሰፋ ቁጨታችንን አየሁ፣ እየጠየቅሁ መጣሁ ትላለች፤ ያላት ይኸው ነው። እኔም የቀረውን ራሴ ሞላሁት። ከስንት ሺህ ጆንያ መሀል አንዱ፣ የኔው፣ የራሴ እጅ ያለበት፣ ተሸካሚ ጣለው፣ ተገለበጠ፣ ተጎተተ፣ ከእጇ ደረሰ። ስንት ሌሊት ይህን አስቤ ሱጁድ ወርጃለሁ። አንዲት ክር። ያን ሁሉ በረሃ፣ ያን ሁሉ ሐዲድ አልፋ። የዓለም ነገር ከዚህ የሚበልጥ ምን አለው?

አግብተን ወለድን፣ ሁለታችንም እዚሁ። ዘሃራ አሚናን ወደደቻት፤ ቤቷ ትውላለች፣ ለውዝ ትቆላላታለች። ሰላም በያት እንጂ ትለኛለች። እኔ ሰላም እል ነበር፣ ያቺን የአንገት ሰላምታ። የተበቀልኩ እየመሰለኝ «ብትጮኺብኝም እህቴ ሰማችኝ» እላለሁ በሆዴ። አሚና አንድ ክረምት በወባ ሞተች። ለቅሶ ቤቷ ሄጄ እንደ ጎረቤት አለቀስኩ፤ ከዚያ በላይ አላለቀስኩም። አስፋልት መጣ፣ ሎሪ መጣ፣ ባቡሩ በሳምንት አንዴ ሆነ፣ በወር አንዴ ሆነ፣ ከዚያ ማንም ሳይሰናበተው ቀረ። ዘሃራንም ከጥቂት ዓመታት በፊት ቀበርኳት። አልሐምዱሊላህ፣ መቃብሯን አውቀዋለሁ።

አሁን ወደ ሙዚየማቸው ልመለስ። የተከፈተ ቀን ሐያት ነጭ ቶብ አልብሳ ወሰደችኝ። ከየጣቢያው ሰው ተጠርቶ ነበር። ከእኛ በታች ካለው ጣቢያ አንዲት ሐጃ ነፊሳ የሚሏት አሮጊት በሚኒባስ መጣች፤ አንድ ዓይኗ ጠፍቷል፣ የራሷን የጆንያ መርፌ በመሐረብ ጠቅልላ ለልጆቹ አመጣች። የአሚና ወንድም ሚስት ናት። ከጎኔ አስቀመጧት። በአንድ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ያለውን ባለ ቁጨት ጆንያ ስታይ ቆየችና «የአሚናን ጺም ማን ሰቀለው?» አለች።

«የአሚና አይደለም፣ የኔ ነው» አልኳት።

ወደኔ ዞረች። ጉንጬን በመዳፏ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችኝ። «ሐበሻዋ አንቺ ነሽ?» አለች። ነኝ አልኳት። «እህትሽ ደረሰች?» አለችኝ፤ ትናንት የሸኘቻት ይመስል። ደርሳ፣ ወልዳ፣ ከብዳ፣ ሞታ አለፈች ስላት አልሐምዱሊላህ አለችና መርፌዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ነገረችኝ። በዓረቢኛ ነው የነገረችኝ፣ ሐያት ከጎናችን ናት፣ ሰምታለች።

«አሚና ለውዟን ቋጥራ መጥታ ሦስት ቀን እኔ ዘንድ ተቀመጠች። ቁጨቱን እስክችለው አስተማረችኝ። በያንዳንዱ ጆንያ ላይ አድርጊው፣ ከታችሽ ላለው ጣቢያ ሴቶች ደግሞ አንቺ አስተምሪ፣ እነሱም ከታቻቸው ላሉት፣ እስከ ባሕሩ ድረስ አለችኝ። አንዲት ሐበሻ ልጅ መጥታ ይህን ከማን ተማራችሁ ካለች፣ ሁላችሁም ከላይኛው ጣቢያ ነው በሏት፣ ሌላ ነገር አትጨምሩ አለች። ልጅቷ እኔ ዘንድ ስትደርስ በየጣቢያው ወርዳ፣ ለመሳፈሪያ እየሰፋች፣ ዓመት ሊሞላት ነበር። ከላይኛው ነው አልኳትና አሳፈርኳት። እኔማ ስላንቺ አሚናን ጠይቄያት ነበር፣ ለምን ለዚያች ለእህቷ አትነግሪያትም፣ ደስ ይላት የለም ወይ ብዬ። አትንገሩብኝ አለችኝ። ሌባ ብላ ትጥላኝ፣ ግድ የለም፤ ተስፋ ሰጥቻት ልጅቷ ባትመጣ ግን ሁለተኛ ትሞትባታለች አለች።»